ልቧ ተጠገነ፤ ደሟን ማን ይለካላት?

የልብ ቀዶ ጥገና ዜና ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ልጅቷ አበባ ይዛ ትወጣለች፣ ቤተሰቡ በደስታ ያለቅሳል፣ ሐኪሞቹ ይመሰገናሉ። ምስጋናው ይገባቸዋል። ነገር ግን ልጅቷ ከአበባው ጋር መድኃኒትም ይዛ ወጥታለች። ያ መድኃኒት ከበዛ ሊገድላት ይችላል፤ ካነሰም እንደዚያው። መብዛት ማነሱ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ በደም ምርመራ ነው የሚታወቀው። ምርመራው የሚገኘው ብዙ ጊዜ እሷ ከምትኖርበት ከተማ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው።

ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ይህንኑ ምርመራ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ለቀዶ ጥገናው ገንዘብ እናዋጣለን፣ እንጸልያለን፣ ቴሌቪዥን ላይ እንወጣለን። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ልኬት ግን በጀትም የለን፣ ወሬም የለን። በዚህ ከቀጠልን ያዳንናቸውን ልጆች መልሰን እናጣቸዋለን።

በአገራችን ብዙ ልጆችን ለልብ ቀዶ ጥገና የሚዳርጋቸው አንዱ ምክንያት በጉሮሮ ሕመም የሚጀምር፣ ሩማቲክ የሚባል የልብ በሽታ ነው። በወቅቱ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የሰውነትን መከላከያ ያሳስተውና የራሱን ልብ እንዲያጠቃ ሊያደርገው ይችላል። ጉዳቱ በዋናነት የሚያርፈው ቫልቮቹ ላይ ነው፤ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሚከፈቱና በሚዘጉት የልብ በሮች ላይ። ዶ/ር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት ሲመሠርቱ፣ እነዚህ ልጆች ወደ ውጭ ካልተላኩ በስተቀር ተስፋ አልነበራቸውም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የእንግሊዙ በጎ አድራጎት ድርጅት ቼይን ኦፍ ሆፕ ቡድኖቹን እየላከ አግዟል። በእስራኤል፣ ሆሎን ከተማ የሚገኘው የዎልፍሰን ሆስፒታልም ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት በተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ተቀብሎ አክሟል። ያም ሆኖ ወረፋ የሚጠብቁት ዛሬም በሺዎች ይቆጠራሉ። ስለዚህ የሁሉም ዓይን ወረፋው ላይ ነው፤ ከወረፋው የወጡትን ዞር ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው።

ነገሩን ከጽኑ ሕሙማን ክፍል እንጀምር።

5 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ ያለው ደም 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ቢሞላ ነው። ልቡ እንዲቆም ተደርጎ ቀዶ ጥገናው ሲሠራ የልብንና የሳንባን ሥራ የሚተካ ማሽን ይገጠማል። የማሽኑ ቱቦዎች ደግሞ አስቀድመው በፈሳሽ መሞላት አለባቸው። ለትልቅ ሰው ያ ፈሳሽ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ለጨቅላ ግን በደሙ ውስጥ የነበረው መድኃኒት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀጥናል። አንዳንዱ መድኃኒት እንዲያውም ቱቦው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ኩላሊት ይደክማል፤ በኩላሊት የሚወጣው መድኃኒት መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። እንግዲህ ያው ልጅ፣ ያው መጠን፣ በሰዓታት ልዩነት አንዴ አነሰ፣ አንዴ በዛ ማለት ነው።

ሚልሪኖን ጥሩ ማሳያ ነው። የልብን ጉልበት ያበረታል፣ የደም ሥሮችንም ያላላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት 238 ልጆችን ተከታትሎ ነበር። ከፍ ባለ መጠን ሚልሪኖን ካገኙት ውስጥ ልባቸው በቂ ደም መርጨት ያቃተው ከመቶ 12 ገደማ ነበሩ። መድኃኒቱን ካላገኙት ውስጥ ግን ከመቶ 26 ያህሉ ለዚህ ተዳርገዋል። ትልቅ ልዩነት ነው። መድኃኒቱ የሚወጣው ግን በኩላሊት ነው፤ ከተጠራቀመ የደም ግፊት ያወርዳል፣ የልብ ምትንም ያዛባል። በደም ውስጥ ያለውን መጠን መለካት ይቻላል፤ ነገር ግን ልኬቱ በአብዛኛው የምርምር ሥራ ሆኖ ቀርቷል፤ አልጋው ዳር በቶሎ የሚደርስ ውጤት አይደለም። ስለዚህ የሌሊቷ ተረኛ ነርስ ሌላ ሌላውን ታነባለች። ግፊቱ ስንት ነው? እጅና እግሩ ይሞቃል? ላክቴቱ፣ ማለትም ለሰውነት በቂ ደም ሳይደርስ ሲቀር በደም ውስጥ የሚጨምረው ነገር፣ ወርዷል? በዚህ ሰዓት ስንት ሚሊ ሸና? ወላጅ ይቺ ሰው በየሰዓቱ የሽንት ከረጢቱን የምታየው ለምን ይሆን ብሎ ሊገረም ይችላል። ስለ ኩላሊቱ እየጠየቀች ነው፤ በዚያውም ስለ መድኃኒቱ።

ሁለተኛው የደከመ ልብን የሚያበረታው ዲጎክሲን ነው። መነሻው አበባ ያለው ዕፅ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ስለ ዕፁ የጻፈው በ1785 ነው። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶም እስካሁን ያስፈራል። ምክንያቱም የሚያድነው መጠንና የሚመርዘው መጠን ጎን ለጎን ናቸው። በተለምዶ የሚፈለገው በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ0.5 እስከ 2 ናኖግራም ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ወደ ታችኛው ያደላሉ።

የዲጎክሲን ምርመራ ጊዜ ይፈልጋል። ደሙ መወሰድ ያለበት መድኃኒቱ ከተዋጠ ቢያንስ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተወሰደ መድኃኒቱ ገና ከደም ወደ ልብ ጡንቻ አልገባምና ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከፍ ብሎ ይታያል። አዲስ በተወለዱ ሕፃናት ደግሞ ዲጎክሲን የሚመስል ነገር ከራሳቸው ሰውነት ይመነጫል፤ መድኃኒቱን ሳይቀምሱት ምርመራው «አለ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ልጁ መጥባት አቆመ ወይ? ያስመልሰዋል ወይ? የልብ ምቱ ዘገመ ወይ? ከዚህ ጋር ነው የሚነበበው።

ቤት ውስጥ ያለው አደጋ ይበልጥ ያሳስበኛል። የልጆች የዲጎክሲን ሽሮፕ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.05 ሚሊግራም የያዘ ነው። 3 ኪሎ ለሚመዝን ጨቅላ አንድ ጊዜ የሚሰጠው 0.3 ሚሊ ሊትር አካባቢ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ጠብታ ማለት ነው። አሁን እናት የተሰጣት ሲሪንጅ ጠፋባትና በሻይ ማንኪያ ለካች እንበል። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ልጁ የታዘዘለትን ከ16 ጊዜ በላይ ዋጠ። የነጥብ ቦታ መሳትም እንዲሁ ነው፤ 0.3 የተባለው 3 ሆኖ ሲነበብ አሥር እጥፍ ነው። ሐኪሙ ቁጥሩን ብቻ ከሚናገር ሲሪንጁ ላይ መስመር በእስክሪብቶ ቢያሰምርላት ይሻላል፤ እናትየውም እዚያው ፊቱ ቀድታ ብታሳየው።

ላሲክስም አለ፤ ትርፍ ውኃን በሽንት የሚያስወጣው። ብዙ የልብ ሕሙማን ልጆች ከዲጎክሲን ጋር አብረው ይወስዱታል። ላሲክስ ፖታሲየምን፣ ለልብ ምት የሚያስፈልገውን የሰውነት ማዕድን፣ ይዞ ይወጣል። ፖታሲየም ሲያንስ ያው የዲጎክሲን መጠን መርዝ ይሆናል፣ ቁጥሩ ደህና ቢመስል እንኳ። ተቅማጥና ትውከትም ፖታሲየምን ያወርዳሉ። ዲጎክሲን የሚወስድ ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው «ያልፍለታል» ተብሎ ቤት የሚቀመጥ አይደለም። በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ዋናው ጉዳዬ ግን ዋርፋሪን ነው፤ ሰዉ ደም ማቅጠኛ የሚለው።

የተጎዳ ቫልቭ ከተቻለ ይጠገናል። ካልተቻለ ይቀየራል። ከእንስሳ ቲሹ የሚሠራው ቫልቭ በልጅ ሰውነት ውስጥ ቶሎ ያረጃል። ከብረትና ከካርቦን የሚሠራው ረጅም ዘመን ይቆያል፤ ግን ደም ይረጋበታል። የረጋው ደም ቫልቩን ሊያንቀው ወይም ተነቅሎ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የብረት ቫልቭ የተገጠመላት ልጅ ዋርፋሪንን ዕድሜዋን ሙሉ ትወስዳለች። በዋርፋሪን የሚለካው መድኃኒቱ ራሱ አይደለም፤ ሥራው ነው። ደም ለመርጋት የሚወስድበት ጊዜ አይኤንአር በሚባል ቁጥር ይገለጻል። መድኃኒት የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። የግራ ልቧ ዋና ቫልቭ፣ ማይትራል የሚባለው፣ በብረት የተቀየረላት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ውስጥ እንድትሆን ይፈለጋል። ከ2 በታች ሲወርድ የመርጋት ሥጋት ይመጣል። ከ5 ሲያልፍ የመድማት።

ክብደታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች የሚያስፈልጋቸው መጠን በእጥፍ ሊለያይ ይችላል። የዘር ተፈጥሮ አለበት፣ ጉበት አለበት፣ ምግብ አለበት። ልጅ ደግሞ ያድጋል፤ አምና የበቃት ዘንድሮ አይበቃትም። መጠን ተቀይሮ ውጤቱ በማግስቱ አይታይም፤ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ተረጋግቶ እስኪታይ ደግሞ ከዚያም በላይ። በርቀት ያለ ቤተሰብን የሚያደክመውም ይህ ነው። አንዴ ተለክቶ አይበቃም። መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ እንደገና መለካት አለበት።

ወጥ ቤት እንግባ። ዋርፋሪን የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ነው። ቫይታሚን ኬ የሚበዛው አረንጓዴ ቅጠል ላይ ነው፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን የቤቱ ማዕድ ይቀየራል። ልጅቷ ባትጾም እንኳ የምትበላው የተሠራውን ነው። ጎመኑ ሲበዛ አይኤንአሩ ይወርዳል። ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ይቀርና ሥጋው ይተካል፤ ቁጥሩ ደግሞ ይወጣል። መፍትሔው ጎመን መከልከል አይደለም። ብዙ ቤተሰብ «ጎመን አትብሉ» ተብለናል ብሎ ልጁን ከአትክልት ያርቃል፤ ይህ ልጁን መጉዳት ነው። የሚፈለገው መጠኑ ሳምንት ከሳምንት እንዳይዘበራረቅ ነው። ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። የክትትል ቀጠሮ የሚሰጥ ክሊኒክ ግድግዳው ላይ ያለውን የአጽዋማት ካሌንደር አይቶ ቀን ቢቆርጥ እንዴት ጥሩ ነበር! የረመዳን ጾም በዚህ ረገድ ይቀላል፤ ዋርፋሪን በቀን አንዴ፣ ማታ ስለሚወሰድ ከኢፍጣር በኋላ ይመቻል።

ከወጥ ቤቱ ይልቅ የሚያሰጋኝ ፋርማሲው ነው። ሆዷን አመማት፤ «አሜባ ነው» ተባለ፤ ያለ ማዘዣ ሜትሮኒዳዞል ተገዛ። ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል እጅግ ከሚያንሩት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ባክትሪምም እንዲሁ። በጥቂት ቀን ውስጥ 3 የነበረው ቁጥር አደገኛ ቦታ ሊደርስ ይችላል። የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ዋርፋሪኑን ያደክመዋል፤ ሪፋምፒሲን ሲጀመርም ሲቆምም በቅርብ ካልተለካ ችግር ነው። ለሕመም የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ቁጥሩን ባይነኩት እንኳ ጨጓራ ያደማሉ። ለትኩሳት የሚሻለው ፓራሲታሞል ነው፣ በልኩ። ልጅቷን ይዞ ፋርማሲ የሚሄድ ማንም ሰው ከአፉ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ዋርፋሪን ትወስዳለች» መሆን አለበት። ባለሙያው ባይጠይቅም።

እንጥል ማስቆረጥ፣ ጥርስ በባህል ሐኪም ማስነቀል፣ ዋግምት፤ እነዚህ ለእነዚህ ልጆች የሞት መንገድ ናቸው። ጥርስ ሐኪም ዘንድም ሲኬድ ቅድሚያ አይኤንአር ይለካል፣ የልብ ሐኪሙም ይጠየቃል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ልጅ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ቫልቩ እንዳይመረቅዝ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋልና። አንድ ሌላ ነገር፦ ቶንሲሉ ተመልሶ ልብ እንዳያጠቃ የሚሰጠው ፔኒሲሊን ቫልቭ ስለተቀየረ አይቆምም። ሌሎቹ ቫልቮች የራሷ ናቸው። በመርፌ ይሁን በክኒን ሐኪሙ ይወስናል፤ ቤተሰብ በራሱ አያቋርጥም።

ስለ ሴት ልጆቹ ብዙ ጊዜ አይወራም። በዚህ የልብ በሽታ ሴቶች ይበዛሉ። በ12 ዓመቷ ቫልቭ የተቀየረላት ልጅ ትንሽ ቆይታ የወር አበባ ታያለች፤ ዋርፋሪን ላይ ስለሆነች ደሙ ሊበዛ ይችላል፣ እሷም አፍራ ዝም ትላለች። ከፍ ስትል ታገባለች። ዋርፋሪን በተለይ በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስን ይጎዳል። በድንጋጤ ማቆም ደግሞ ቫልቩን ይዘጋል፤ እናትየውን ይገድላል። ይህ ንግግር ከማግባቷ በፊት፣ በሚገባት ቋንቋ፣ ከእሷ ጋር መደረግ ያለበት ነው። ከእናቷ ጋር ብቻ አይደለም።

የብረት ቫልቭ ድምፅ አለው። ቤቱ ጸጥ ሲል ከልጅቷ ደረት «ቀጭ፣ ቀጭ» ሲል ይሰማል። እናቶች መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ኋላ ይለምዱታል። ይህ ድምፅ ራሱ መለኪያ ነው። ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ፣ በዚያ ላይ ትንፋሽ ካጠራት፣ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ አይጠበቅም። ድድ ሲደማ፣ ሰገራ ሲጠቁር፣ ሳይመታ የሚበልዝ ገላ ሲታይ ደግሞ ነገሩ በሌላኛው ጎን ነው። ወድቃ ጭንቅላቷን ከተመታች ደህና ብትመስልም ሆስፒታል ትሄዳለች።

ይህን ሁሉ እናት ልትማረው ትችላለች። ቁጥሩን ግን ማንም እናት በዓይኗ ልታየው አትችልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች 3,343 የዚህ የልብ በሽታ ሕሙማንን መዝግቦ ነበር። ደም ማቅጠኛ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ያገኙት ከመቶ 70 የማይሞሉ ናቸው። አይኤንአራቸው በሚፈለገው ልክ የተገኘው ደግሞ ከመቶ 28 ያህሉ ብቻ። ክኒኑ ተገኝቷል፤ ልኬቱ የለም። ያልተለካ ዋርፋሪን ደግሞ ታዞ እንኳ ግማሽ ሕክምና ነው።

ማሽኑ የለም እንዳይባል አለ። ኮአጉቼክ የሚባለው የመዳፍ ያህል መሣሪያ ከጣት አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ በደቂቃ አካባቢ ቁጥሩን ያወጣል። በሩዋንዳ ገጠር ነርሶች ከቀዶ ጥገና የተመለሱ የልብ ሕሙማንን በወረዳ ሆስፒታሎች በዚህ መሣሪያ እየለኩ፣ መጠን እያስተካከሉ ይከታተላሉ። የልብ ስፔሻሊስቱ በሩቅ ሆኖ ይደግፋቸዋል። እኛ ዘንድስ ምን ይከለክላል? ስኳር በጣት ጠብታ መለካት የለመደች ነርስ ይህን ለመልመድ ብዙ አትቸገርም። የሚከብደው ስትሪፑ፣ ማለትም የደሙ ጠብታ የሚያርፍበት ቀጭን መመርመሪያ፣ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ አንዱ ለአንድ ልኬት ብቻ ያገለግላል፤ ቀኑም ያልፍበታል። መሣሪያ ተለግሶ ስትሪፕ ከጠፋ መሣሪያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለአንድ ልጅ ቀዶ ጥገና ገንዘብ ሲሰበሰብ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ልኬትና የመመላለሻው ትራንስፖርት አብሮ በበጀቱ ውስጥ ይግባ እላለሁ። የጤና መድኅኑም ምርመራውን ከመድኃኒቱ ለይቶ እንዳያየው።

ውጭ ላላችሁ ወገኖች አንድ አደራ አለኝ። አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ ዘመዶች «ዋርፋሪን እኮ ቀርቷል፣ ምርመራ የማይፈልግ አዲስ መድኃኒት አለ» ብለው ኤሊኪውስ ወይም ዛሬልቶ ገዝተው እንደሚልኩ አውቃለሁ። ከፍቅር ነው። ግን የብረት ቫልቭ ላላት ልጅ እነዚህ መድኃኒቶች አይሆኑም። ዳቢጋትራን የተባለው የዚሁ ወገን መድኃኒት የብረት ቫልቭ ባላቸው ትላልቅ ሰዎች ላይ ሲሞከር ስትሮክም መድማትም ስለበዛ ሙከራው ቆሟል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቷል። አፒክሳባንም፣ ማለትም ኤሊኪውስ፣ ከብረት ቫልቭ ጋር ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ሙከራው ተቋርጧል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት በዚህ የልብ በሽታ ምክንያት ምታቸው የተዛባ ከ4,500 በላይ ሕሙማንን አይቶ፣ ከዛሬልቶ ይልቅ የእነ ዋርፋሪን ወገን የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። ክኒን ከመላክ ይልቅ ስትሪፕ ላኩ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ልጅቷ የምትታይበት ክሊኒክ ደውላችሁ የትኛው ዓይነት መሣሪያ እንዳላቸው ጠይቁ፤ የአንዱ ስትሪፕ ለሌላው አይሠራም። ሻንጣ ውስጥ ስታስገቡም ጊዜው የሚያልፍበትን ቀንና የሚቀመጥበትን ሙቀት ማሸጊያው ላይ አንብቡ።